መብላት ያቆመች ድመትን በትንሽ ገንዘብ እንዴት መርዳት ይቻላል

ድመት ምግብ ስትተው ከጎረቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ተዋት፣ ሲሻላት ራሷ ትበላለች» የሚል ነው። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ድመትን ግን ይገድላል። ምግብ ሲቋረጥባት ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል። የድመት ጉበት ያን ሁሉ ስብ ማስተናገድ አይችልም፤ በስብ ይሞላና ሥራውን ያቆማል። ይህ ጉዳት ምግብ ባቆመች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ወፍራሟ ድመት ደግሞ ከቀጭኗ ይልቅ ትጎዳለች። ስለዚህ ኪሱ ለሳሳበት ሰው ትልቁ ቁጠባ ፈጥኖ መነሳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በአንድ ምርመራና በሞቀ ሾርባ ሊያልፍ የሚችለው ነገር ሲቆይ የብዙ ቀን ሕክምና ይጠይቃል።

አንደኛ፦ ሰዓቱን ያዙ

መጨረሻ የበላችው፣ ውሃ የጠጣችው፣ የሸናችውና ዓይነ ምድር የወጣችው መቼ እንደሆነ ጻፉ። ብዙ አባወራ ያለበት ግቢ ከሆነ ሁሉንም ጠይቁ፤ እናንተ ቤት የጾመች የመሰለቻችሁ ድመት እማማ ጓዳ ገብታ በልታ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ድመት አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ሥራ ጀምሩ፤ ሁለተኛው ቀን ሳያልፍ ሐኪም ይያት። ግልገል ድመት ግን ግማሽ ቀን እንኳ አትጠበቅም።

ሁለተኛ፦ በቤት የማይሞከረውን ለዩ

ወንድ ድመት አመዱ ወይም አሸዋው ላይ ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ሽንት ካልመጣለት፣ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት መስሏቸው ዘይት ሲያጠጡት ጊዜው ያልፋል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ድዷ የነጣ ወይም ቢጫ የሆነ፣ መቆም ያቃታት፣ ሰውነቷ የቀዘቀዘ ድመትም እንዲሁ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ትሂድ። የአይጥ መርዝ የቀመሰች፣ ወይም በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመትም ከእነዚህ ጋር ትቆጠራለች። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ወተት እያጠጣችሁ ሰዓት አታባክኑ። የመርዙ ማሸጊያ ከተገኘ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ያልተከተበች፣ ደጅ የምትውል ድመት ድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ከተንገዳገደች አፏን ለመክፈት አትሞክሩ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ድመትም ታስተላልፋለች። በር ዘግታችሁ ብቻዋን አቆዩአትና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ሦስተኛ፦ ለምን እንደተወች ፈልጉ

ምግብ መተው ራሱ በሽታ አይደለም፤ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ከውጭ ሆኖ ብዙ ማየት ይቻላል። ምግቡ ፊቷ ሲቀርብ ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ። ቀርባ አሽትታ፣ ከንፈሯን ልሳ፣ ምራቋን ውጣ ፊቷን ካዞረች ያቅለሸልሻታል ማለት ነው። መብላት ጀምራ በአንድ ጎኗ ካኘከች፣ ምግቡን ከጣለች ወይም አፏን በእጇ ከፈተገች ሕመሙ አፏ ውስጥ ነው። ጨርሶ ካላሸተተች ደግሞ አፍንጫዋ ታፍኖ ይሆናል፤ ሽታ የማይደርሳት ድመት የጠገበች ያህል ነው።

ጠባይዋ የተለመደው ከሆነና አፏን ለማየት ከፈቀደች በስልክ መብራት ተመልከቱ። ድዷ ጥርሱ ሥር ቀይ ሆኖ ያበጠ መሆኑን፣ ምላሷ ላይ ቁስል መኖሩን፣ ላንቃዋ ላይ አጥንት መሰንቀሩን እዩ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለች አንዲት ጎረቤቴ ድመቷ በጉንፋን የታመመች መስሏት ስታስታምማት ሰነበተች፤ ችግሩ ግን በሁለቱ የላይኛ መንጋጋ ጥርሶች መካከል ላንቃው ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ የዶሮ አጥንት ነበር። ሐኪሙ በመቆንጠጫ አወጣው፤ ማታውን በላች። ክር ካያችሁ ግን፣ ከአፏም ሆነ ከኋላዋ የወጣ፣ ፈጽሞ አትጎትቱ። ሌላኛው ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ተጠምዶ ከሆነ አንጀቷን ይቆርጣል።

ድመት ሰፈር ስትለቅም ትጾማለች። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ሲነሳ ድመቶችም አብረው ተነሥተዋል። ከግቢ ወጥታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የገባች ድመት አልጋ ሥር ተደብቃ ብትውል አይግረማችሁ። ጸጥ ያለ አንድ ክፍል ስጧት፤ የለመደችውን ሳህንና ጨርቅ አታጥቡባት፤ ሌሊት ቤቱ ሲረጋጋ ምግቡን አጠገቧ ተዉላት። የሁለተኛው ቀን ደንብ ግን ለእሷም ይሠራል።

በቴርሞሜትር መለካት ከቻላችሁ (በፊንጢጣ፣ ጫፉን በቫዝሊን ቀብቶ) ጤናማ ሙቀቷ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ37.5 በታች ከሆነ አትመግቧት፤ አሙቋት፣ ይዛችኋት ውጡ።

አራተኛ፦ ምግቡን በጠረኑ አስወድዷት

አፍንጫዋ የታፈነ ከሆነ መጀመሪያ በለብታ ውሃ በራሰ ጥጥ ጠርጉላት። ውሃ ፈልቶ እንፋሎቱ በሞላው መታጠቢያ ቤት 10 ደቂቃ ያህል አብራችኋት ተቀመጡ፤ እንፋሎቱን ፊቷ ላይ ግን አታድርጉ።

ከዚያ ሥጋ። ውድ የታሸገ የድመት ምግብ መግዛት የግድ አይደለም። ሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኝ ሳንባ፣ ትንሽ ጉበት፣ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ወይም የዶሮ ደረት በውሃ ብቻ ቀቅሉ፤ ጨው የለ፣ ቅመም የለ፣ ዘይት የለ። ጉበት ሽታው ስለሚጠራ እንደ ማጣፈጫ ትንሽ ትንሽ ይጨመር፤ ዋና ምግብ አይሁን። በዐቢይ ጾም ሰፈራችሁ ያለው ሥጋ ቤት ከዘጋ የቱና ቆርቆሮ ዘይቱን ወይም ውሃውን አጥልሎ መስጠት ይቻላል። ቲማቲም ያለበት ሰርዲን ግን ሽንኩርት ሊኖረው ስለሚችል ይቅር። ድመት በሽሮና በእንጀራ መኖር አትችልም፤ ሰውነቷ ከሥጋ ውጪ በበቂ የማያገኘው ነገር አለ። ቤቱ ቢጾምም ለእሷ የተለየች ትንሽ ድስት ትኑራት።

ምግቡን ለማሞቅ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ላይ አስቀምጡ። እጃችሁን ሲነካ ለብ ሲል፣ እንደ ሰውነቷ ሙቀት ሲሆን፣ ሽታው ይነሳል። ጥፍር የምታክል በጣታችሁ ከንፈሯ ላይ ቀቡ፤ ብዙዎቹ ልሰው ይጀምራሉ። እንቢ ካለች ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን አንሱት፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ የሚሸት ምግብ የሚያቅለሸልሻትን ድመት ጭራሽ ያስጠላታል።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር የምፈልገው የወጥ ጉዳይ ነው። ሽንኩርት ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ ዱቄቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። በእኛ ማድ ቤት ከሁለቱ የጸዳ ወጥ የለም ማለት ይቻላል። ታማ የሰነበተች ድመት «አቅም ትያዝ» ተብሎ ከዶሮ ወጡ ሲፈተፈትላት ደም እየቀነስንባት ነው። ላም ወተትም ለትልቅ ድመት አይሆንም፤ ብዙዎቹ ስለማይፈጩት ተቅማጥ ያስይዛቸዋል፤ የቀረውን ውሃ ያጠፋባቸዋል።

የሰው መድኃኒትም እንዲሁ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ልትገድላት ትችላለች። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም አይሞከሩ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል ካለበት ድመት ላይ አይፈስም።

አምስተኛ፦ በሲሪንጅ መመገብ፣ ለማን እና እንዴት

ከመድኃኒት ቤት ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙና መርፌውን ጣሉት። ይህ ዘዴ ለምትውጥ፣ ለነቃች፣ ለማታስታውክ ድመት ብቻ ነው። እያስመለሰች፣ በግድ እየተነፈሰች ወይም አንገቷን መያዝ ያቃታት ከሆነ ምግቡ ሳንባዋ ይገባል። ከተቻለ ደግሞ ሐኪም አይቷት ከፈቀደ በኋላ ይጀመር።

የተቀቀለውን ሥጋ ከመረቁ ጋር በጁስ መፍጫ አላሙትና በሻይ ማጥለያ አሳልፉት። ድመቷን በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭንቅላቷን ብቻ አስወጡ፤ ጭናችሁ ላይ ፊቷ ወደ ፊት ሆኖ ትቀመጥ። አገጯ ወደ ላይ አይቅና፤ እንደ ተቀመጠች ቀጥ ይበል። የሲሪንጁን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ፣ ከረጅሙ ጥርስ ኋላ ባለው ክፍት ቦታ አስገቡና ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ግፉ። አቁሙ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እዩ። ከዋጠች በኋላ ቀጥሉ። ካሳለች ወይም ከአፍንጫዋ ከወጣ ለዚያ ጊዜ ይብቃ። መታገል ከጀመረችም ተዉ፤ ታግሎ መመገብ ምግብን ያስጠላታል፣ እናንተንም ያስፈራታል።

መጠኑን ለማወቅ ክብደቷን እወቁ። ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ መንገድ ዳር ካሉት ባለሚዛን ልጆች ዘንድ ድመቷ ያለችበትን ካርቶን ታቅፋችሁ ሚዛኑ ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሷና የካርቶኗ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ ይህም የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከሆነ ወደ 120 ግራም ይሆናል። ለቀናት ባዶ የዋለን ሆድ ግን በአንድ ጊዜ አትሙሉ፦ በመጀመሪያው ቀን ሲሶውን፣ በሁለተኛው ከሦስት ሁለት እጁን፣ በሦስተኛው ሙሉውን፤ ያውም በአምስትና በስድስት ተከፍሎ። ባዶ ሥጋ ለጥቂት ቀን ያሻግራል እንጂ ለወራት የሚበቃ ቀለብ አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ያልበላ ሰውነት ደግሞ ሙቀት አይሠራም። ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ፤ ሲሞቃት መራቅ እንድትችል ቦታ ተዉላት።

ስድስተኛ፦ ያለውን ብር በቅደም ተከተል አውጡ

ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ክሊኒክ ደውላችሁ የምርመራ ዋጋ ጠይቁ፤ ድመት የሚያዩ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ በአብዛኛው ከብትና ዶሮ ላይ ይሠራሉ። የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም የእንስሳት ሐኪም እንዳላቸው መጠየቅ አይጎዳም። ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ደግሞ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ሐኪሙ ፊት ስትደርሱ ሳታፍሩ «ያለኝ ይህን ያህል ብር ነው» በሉ። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ምርመራ ሕክምናውን ይለውጠዋል?» የሚለው ነው። የማይለውጥ ከሆነ ብሩ ወደ ሕክምናው ይሂድ። ብዙ ጊዜ ከትንሽ ብር ብዙ የሚሠሩት የእጅ ምርመራው፣ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የማቅለሽለሽ ማስቆሚያው ናቸው፤ የደም ምርመራ በተለይ ላረጀችና ብዙ ውሃ ለምትጠጣ ድመት ቀጥሎ ይመጣል። ፈሳሹን ቤት መስጠት የምትችሉ ከሆነ እንዲያስተምሯችሁ ጠይቁ፤ የምልልሱ ወጪ ይቀንሳል። ስትተነፍስና ምግብ ስትቀርብ በስልክ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ አሳዩ፤ ድመት ክሊኒክ ስትገባ ምልክቷን ትደብቃለች። ድመቷ የግቢው ሁሉ ከሆነች ጎረቤቶችን አዋጡ በሉ። እንቢ የሚል ጥቂት ነው።

በታክሲ ስትወስዷት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አትክተቷት፤ ትታፈናለች። አየር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ወይም በነጠላ የተሸፈነ ዘንቢል ይበቃል።

ሐኪሙ አትድንም ካለና ስቃይዋ ከበዛ ያለ ሕመም የምታርፍበትን መንገድ ጠይቁ። ወስዶ ገበያ ዳር መጣል ገንዘብ ያልከፈሉበት መስሎ ሌላ ስቃይ መጨመር ነው።

ራሷ መብላት ከጀመረች ሲሪንጁን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ከቀን ድርሻዋ አብዛኛውን በራሷ ለሁለት ቀን ከበላች አቁሙት። የለመደችውን ምግብ በአራት በአምስት ቀን ውስጥ እየቀላቀላችሁ መልሱላት። በየሳምንቱ መዝኗት፤ እየበላች ክብደቷ ከቀነሰ ምክንያቱ ገና አልተገኘምና ወደዚያው ሐኪም ተመለሱ።