«ሮማንቲክ ኮሜዲ ሞተ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ሆሊውድ የፍቅር ኮሜዲንና መካከለኛ በጀት ያላቸውን ፊልሞች ለምን እንደተወ በአማርኛ የሚጻፈውም፣ በዩቲዩብ የሚተነተነውም እየበዛ ነው። ጥሩ ነው፤ ርዕሱ ይገባዋል። ችግሩ አንድ ሰው የሳተውን ቁጥር ሌላው ሳይመረምር እየቀዳ ማለፉ ነው። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚታዩት ናቸው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡ በአሜሪካ ዶላር ነው። መካከለኛ በጀት ስንል ከ15 እስከ 70 ሚሊዮን ገደማ የወጣበትን ፊልም ማለታችን ነው።

የትኬት ገቢን ትርፍ ብሎ መጥራት

ከሁሉ የከፋው ይሄኛው ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ። «20 ሚሊዮን ወጣበት፣ 60 ሚሊዮን አስገባ፣ ስለዚህ 40 ሚሊዮን አተረፈ» ይባላል። ከዚያ «ታዲያ ስቱዲዮዎቹ የሚያተርፍ ነገር ለምን ተዉ?» የሚል ጥያቄ ይከተልና ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ተሳሳተ መልስ ያመራል።

60 ሚሊዮኑ ተመልካቹ ትኬት ለመቁረጥ የከፈለው ነው። ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ ስቱዲዮው እጅ የሚገባው በአማካይ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ወደ 40 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ ቻይና ውስጥ 25 በመቶ ነው። 20 ሚሊዮኑ በጀትም ቢሆን ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ እስኪያልቅ የወጣው ብቻ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያው፣ የመንገድ ላይ ፖስተሩ፣ ተዋንያኑ ከአገር አገር እየዞሩ ለሚሰጡት ቃለ መጠይቅ የሚወጣው፣ ፊልሙን ለአዳራሾች የማከፋፈያው ወጪ በውስጡ የለም።

እስቲ ደረጃ በደረጃ እናስላው። በጀቱ 20 ሚሊዮን ነው። በመላው አሜሪካ በሺዎች በሚቆጠሩ አዳራሾች በአንድ ቀን እንዲወጣ ለማስታወቂያ 30 ሚሊዮን ፈሰሰ እንበል። ጠቅላላ ወጪው 50 ሚሊዮን ሆነ። ከትኬቱ የሚመለሰው ግማሹ ስለሆነ፣ ወጪውን በትኬት ብቻ ለመሸፈን 100 ሚሊዮን መሰብሰብ አለበት፤ የበጀቱን አምስት እጥፍ ማለት ነው። አሁን ደግሞ 200 ሚሊዮን የወጣበት የልዕለ ጀግና ፊልም ውሰዱ። ማስታወቂያው 130 ሚሊዮን ቢሆን ድምሩ 330 ሚሊዮን ይመጣል። በዚያው የግማሽ ስሌት 660 ሚሊዮን ያስፈልገዋል፤ ይህም የበጀቱ 3.3 እጥፍ ነው። ስለዚህ ፊልም ወጪውን የሚሸፍንበትን ገቢ ለመገመት «በጀቱን በ2.5 ማባዛት» የሚባለው ታዋቂ ቀመር ለትልቁም ያንሳል፤ መካከለኛ ፊልም ላይ ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ ይሰበራል። የሚሰብረውም አንድ ነገር ነው፦ የማስታወቂያ ወጪ ከበጀቱ ጋር እኩል አይቀንስም። ፊልሙ 20 ሚሊዮን ይፍጅ 200 ሚሊዮን፣ ኦሃዮ ያለ ሰው አርብ ዕለት እንደሚወጣ እንዲያውቅ ያው የቴሌቪዥን ሰዓት መገዛት አለበት።

ተዋናዩ ማት ዴመን በ2021 በአንድ ቃለ መጠይቅ ይህንኑ ስሌት ከአንድ የስቱዲዮ ኃላፊ አፍ እንደሰማው ተናግሯል። 25 ሚሊዮን ለሥራው፣ 25 ሚሊዮን ለማስታወቂያ፣ ከሲኒማ ቤቶች ጋር እኩል ተካፍሎ ወደ ትርፍ ለመግባት 100 ሚሊዮን። ስሌቱ የተሠራለት፣ ስለ ሁለት ሰዎች ፍቅር የሚተርከው «ቢሃይንድ ዘ ካንዴላብራ» የተባለው ፊልም በመጨረሻ በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታየው ሲኒማ ቤት ሳይሆን በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ነው።

ቁጥር ስትወስዱም ጥንቃቄ አድርጉ። የፊልም ገቢ በሚመዘግቡት ድረ ገጾች፣ ቦክስ ኦፊስ ሞጆም ሆነ ዘ ነምበርስ ላይ፣ «ዶሜስቲክ» የሚለው አምድ አሜሪካን ብቻ ሳይሆን ካናዳንም ይጨምራል። እዚያ የሚታየው በጀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው፤ «ወደ» የምትል ቃል አትንፈጉት።

«ኔትፍሊክስ ገደለው»

የጊዜ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ክሱ ራሱ ይፈርሳል። ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው፤ ያኔ የያዘው በአብዛኛው የቆየ ፊልም ነበር። የራሱን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ፊልም ያወጣው በ2015 ነው። በፍቅር ኮሜዲዎቹ የተወራለት በ2018 በጋ ላይ ነው። ስቱዲዮዎቹ ግን ከዚያ አስር ዓመት ቀድመው ማፈግፈግ ጀምረዋል።

የተሰበረው ምሰሶ ዲቪዲ ነው። በ1997 አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ስቱዲዮዎቹ ከቤት ውስጥ እይታ የሚያገኙት ከሲኒማ ቤት ከሚያገኙት ይበልጥ ነበር። ለፍቅር ኮሜዲ ደግሞ ዲቪዲ ልዩ ነገር ነበር። ፍንዳታና ጦርነት ስለሌለበት በትልቅ ስክሪን ካላየሁት የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ደጋግሞ ለማየት ግን ይገዛል፣ በስጦታም ይሰጣል። ከላይ ያሰላነው 100 ሚሊዮን በትኬት ባይሞላ፣ ከስድስት ወር በኋላ ዲስኩ የጎደለውን ይሞላ ነበር። ከሲዲ ቤት ፊልም እየተከራየ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ዲስክ ስቱዲዮው ድርሻውን ማግኘቱ ነው።

ከዚያ የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ሬድቦክስ በየሱፐርማርኬቱ ደጃፍ በቆመ ማሽን ፊልም በአንድ ዶላር ለአንድ ሌሊት አከራየ። በስርቆት የሚወርደውም ተጨመረ። ግዢው ወደቀ፤ ብሎክበስተር የተባለው ግዙፍ የኪራይ ድርጅት በ2010 ለኪሳራ አመለከተ። እንግዲህ ኔትፍሊክስ የራሱን ፊልም ይዞ ሲመጣ የገባው ሌላው ጥሎት በሄደው ቤት ነው።

በዚህ ላይ ስክሪፕት የሚገዙ ኩባንያዎች ቁጥር ማነሱን ጨምሩ። ዋርነር ኢንዲፔንደንትና ፒክቸርሃውስ የተባሉት የፊልም ኩባንያዎች በ2008 ተዘጉ፤ ኒው ላይን በዚያው ዓመት በዋርነር ብራዘርስ ውስጥ ተጠቃለለ። ዲዝኒ ፎክስን በ2019 ሲገዛ፣ መካከለኛ ፊልም በመሥራት የሚታወቀው ፎክስ 2000 የተባለው ክፍል አብሮ እንዲዘጋ ተወሰነ። አንድ ደራሲ ስክሪፕቱን ይዞ የሚያንኳኳው በር በየጊዜው ቀነሰ።

«ወደ ስትሪሚንግ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም»

ይሄኛው የፊተኛው ግልባጭ ነው፤ እሱም ስህተት ነው። የክፍያው አሠራር ሌላ ነው። ኔትፍሊክስ በተለምዶ የፊልሙን ወጪና በላዩ ላይ የተወሰነ ጭማሪ አንዴ ይከፍላል። ፊልሙ ዓለምን ቢያነጋግር ለሠሪው ተጨማሪ ትርፍ አይመጣም። በሲኒማ ቤት ዘመን ግን አንድ ያልተጠበቀ ስኬት የአምስት ኪሳራ ፊልም ጉድጓድ ይደፍን ነበር። «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» በ2002 በ5 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን በላይ ሰብስቧል። እንዲህ ያለ ዕጣ አንዴ በተከፈለ ዋጋ ውስጥ ቦታ የለውም። «ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ»ን የሠሩት ሰዎች የኔትፍሊክስን ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ ትተው ወደ ዋርነር የሄዱትም ሲኒማ ቤት መታየቱን ስለፈለጉ ነው። በ2018 ወጣ፤ በ30 ሚሊዮን በጀት ወደ 239 ሚሊዮን አስገባ።

የኔትፍሊክስን የተመልካች ቁጥር ከዓመት ዓመት አታወዳድሩ። በ2020 መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያየ ሁሉ «ተመልካች» ተብሎ መቆጠር ጀመረ፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ መለኪያው ወደ ጠቅላላ የታየ ሰዓት ተቀየረ። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም።

በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ መፍረድ

የልዕለ ጀግና ፊልም ዕጣው በሦስት ቀን ይለያል። የፍቅር ኮሜዲ ግን ከሰው ወደ ሰው በወሬ ነው የሚሄደው። የ2002ቱ የግሪክ ሰርግ ፊልም በሚያዝያ በ100 ምናምን አዳራሾች ጀምሮ እስከ መኸር ድረስ እየሰፋ ሄደ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 241 ሚሊዮን ሲሰበስብ በአንድም ሳምንት አንደኛ ሆኖ አያውቅም። «ኤኒዋን በት ዩ» በታኅሣሥ 2023 ሲወጣ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ 6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በዚያ ሰኞ «ወደቀ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው በለጡ፣ በ25 ሚሊዮን በጀት ድምሩ 220 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። ስለ ፍቅር ፊልም መጻፍ ከፈለጋችሁ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። የምታዩትም ድምሩን ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት የወረደበትን መቶኛ ይሁን።

«ኮሜዲ ድንበር አይሻገርም»

ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው ለማስተካከል የሚያስቸግረው። የቃላት ጨዋታ ሲተረጎም ይሞታል፤ ልክ ነው። የፍቅር ኮሜዲ ግን የቆመው በቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ኖቲንግ ሂል» በ1999 ካስገባው ወደ 364 ሚሊዮን ውስጥ አሜሪካና ካናዳ ያዋጡት 116 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። «ብሪጅት ጆንስስ ዳይሪ»ም በ2001 አብዛኛውን ገንዘቡን ያገኘው ከአሜሪካ ውጭ ነው። በ2022 «ቲኬት ቱ ፓራዳይስ» ከሰበሰበው 168 ሚሊዮን ገደማ ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህሉ የመጣው ከውጭ ነው።

የተቀየረው ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በር ነው። ቻይና በየዓመቱ በገቢ ክፍፍል የምታስገባው የውጭ ፊልም 20 ነበር። በ2012 ከአሜሪካ ጋር በተደረሰ ስምምነት ወደ 34 አደገ፤ የተጨመሩት 14ቱ ግን ለአይማክስ (እጅግ ግዙፍ ስክሪን) እና ለስሪዲ (በመነጽር ለሚታይ) የተሰናዱ ፊልሞች እንዲሆኑ ነው የተወሰነው። ሁለት ሰዎች ሬስቶራንት ተቀምጠው የሚጨቃጨቁበት ፊልም በዚያ በር አያልፍም። ያኔ በፍጥነት የሚያድገው ገበያ ቻይና ስለነበር ስቱዲዮዎቹ ገንዘባቸውን በሩ ወደሚከፈትለት ፊልም አዞሩ።

ተዋናዩን መውቀስ

«እንደ ጁሊያ ሮበርትስ ያለ ሰው የለም» ማለት ምንም አያስረዳም። የተዋናይ ጉዳይ መታየት ያለበት በደመወዝ በኩል ነው። «ሃው ዱ ዩ ኖው» በ2010 ወደ 120 ሚሊዮን ወጣበት፤ ከዚህ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህሉ ለተዋንያኑና ለዳይሬክተሩ እንደተከፈለ ተዘግቧል። በዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ትኬት 50 ሚሊዮን አልሞላም። አራት ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ፊልም 120 ሚሊዮን የፈጀው በዲቪዲ ዘመን የተለመደው ክፍያ ዲቪዲው ከወደቀ በኋላም ስላልወረደ ነው። የፍቅር ኮሜዲ የሚሸጠው በሁለት ፊቶች ነው፤ ፊቶቹ ከተወደዱ ፊልሙ ይወደዳል።

«ሆረር (አስፈሪ ፊልም) በትንሽ በጀት ያተርፋል፤ የፍቅር ኮሜዲስ ለምን እንዲሁ በትንሽ በጀት አይሠራም?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ እዚሁ ነው። «ጌት አውት» በ2017 በ4.5 ሚሊዮን ተሠርቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ ያስገባው ዝነኛ ፊት ሳያስፈልገው ነው። አስፈሪ ፊልም የሚሸጠው ፍርሃቱን ነው።

የገንዘቡን ዕድሜ መርሳት

«ፕሪቲ ውማን» በ1990 በ14 ሚሊዮን ተሠራ። ግሽበቱን ስትጨምሩ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን ይበልጣል። ሳታስተካክሉ አታወዳድሩ።

በአንድ ፊልም መማል

በ2022 «ብሮስ» 22 ሚሊዮን ወጥቶበት ወደ 15 ሚሊዮን ሰበሰበና ዘውጉ ተቀበረ ተባለ። በዚያው ዓመት «ዘ ሎስት ሲቲ» ወደ 190 ሚሊዮን አስገብቷል። ከ1990ዎቹ ምርጦቹን ብቻ መርጦ ከዛሬው ተራ ፊልም ጋር ማነጻጸርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የዚያን ጊዜ ደካማ ፊልሞች ስለተረሱ እንጂ ስላልነበሩ አይደለም።

የሆሊውድን ታሪክ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ መጫን

ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የራሳችንን ታሪክ ያስረሳል። ሆሊውድ ዘውጉን በሚተውባቸው ዓመታት፣ ፖስተሩ ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ወይም «ሮማንቲክ ኮሜዲ» የተጻፈበት ሥራ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ሰልፍ ያሠልፍ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ወጪውን አወረደ፤ የዓለም አቀፍ ማስታወቂያ ወጪ የሚባል ነገር የለም፤ የቻይና ኮታም አያገባንም። እዚህም ከሲኒማ በኋላ ቪሲዲና ዲቪዲ ነበረ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ቅጂው በስርቆት ተመታ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ተተካ። መንገዱ ይመሳሰላል፤ ስሌቱ ግን በብር፣ በሳምንታትና በአዳራሽ ብዛት የሚሠራ ሌላ ስሌት ነው።

ስለ አማርኛ የፍቅር ፊልም መዳከም መጻፍ የፈለገ ሰው የአሜሪካኑን ቁጥር ትቶ ፕሮዲውሰሩን አራት ነገር ይጠይቅ፦ ፊልሙ በስንት አዳራሽ ለስንት ሳምንት ታየ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጋር የተካፈሉት በስንት በመቶ ነው፣ የማስታወቂያ ወጪው ከቀረጻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነበር፣ የዩቲዩብ መብቱስ የተሸጠው አንዴ በተቆረጠ ዋጋ ነው ወይስ በእይታ ብዛት በሚታሰብ ክፍያ።