የፕሮጀክት ማስጀመሪያ ስብሰባችን ችግር መጋዘን ውስጥ ተፈታ

ሀዋሳ ላይ ለአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ የስቶክ (የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ) ሶፍትዌር ልንሠራ ነበር። ማስጀመሪያ ስብሰባው ላይ ሁሉም ይስማማል። በማግስቱ ሌላ ነገር ይጠየቃል። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለቀ።

መጀመሪያ ስላይድ አሳመርኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ 14 ገጽ ሰነድ በቴሌግራም ላክሁ። የከፈተው የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልከፍተውም።

ሦስተኛውን ስብሰባ መጋዘኑ ውስጥ አደረግነው፣ ያለ ላፕቶፕ። ባለቤቱ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ስቶር ኪፐሩ ነበሩ። "ጋሼ፣ ትናንት የገባውን ሲሚንቶ ከመኪናው እስከ ሽያጩ ያሳዩኝ" አልኳቸው ስቶር ኪፐሩን። የዕቃ ገቢ ደረሰኙን አወጡ። ቀኑ በኢትዮጵያ፣ ብዛቱ በኩንታል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ኤክሴል ላይ በፈረንጅ ቀን፣ በከረጢት ነው የምትመዘግበው። ከረጢቱ ደግሞ 50 ኪሎ፣ የኩንታል ግማሽ! ለካ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በዚህ ነው።

እዚያው አንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፦ መለኪያው ኩንታል፣ ቀኑ የኢትዮጵያ፣ ለውጥ የሚያጸድቀው ባለቤቱ ብቻ። በመጀመሪያው ዙር የማይሠራውንም ከሥር አሰፈርን፤ ደመወዝና ባርኮድ። ሁሉም ፈረሙ። ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን አደረግሁት። አሁን አዲስ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምንከፍተው እሱን ነው።