ተራራ ሁሉ አይፈነዳም፦ ሕፃናትን ስለ ተራራ ስናስተምር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚያንገበግበኝን ላስቀድም፦ የተራራን አፈጣጠር በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ ማስተማር። የጭቃ ጉብታ ይሠራል፣ አናቱ ላይ ጠርሙስ ይቀበራል፣ ቀይ ቀለም የገባበት አረፋ ገንፍሎ ይወጣል፣ ልጆቹ በደስታ ይጮኻሉ፣ ደወል ይደወላል። በማግስቱ «ተራራ እንዴት ይፈጠራል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በአንድ ድምፅ «ይፈነዳል!» ይሏችኋል። ምን ያድርጉ? ያሳየናቸው ይህንኑ ነው። በዚያ ሠርቶ ማሳያ ላይ እኮ ተራራው ገና አረፋው ሳይወጣ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የሠራነውም እኛው ነን። አረፋውን ያመጣው ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ሙቀት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ክፍሉ ሞቅ ሲል ትምህርቱ የገባቸው ይመስለኝ ነበር።

እሳተ ገሞራን ማሳየት ከፈለጋችሁ የፓሪኩቲንን ታሪክ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሜክሲኮ ውስጥ የአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ተሰንጥቆ ጭስና አመድ መትፋት ጀመረ። በ1952 ፀጥ ሲል ማሳው በነበረበት ቦታ 424 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ቆሞ ነበር። ከዚያ «ይህ ሁሉ የተከመረው ከምንድን ነው?» በሏቸውና ጠብቁ። ተራራው ራሱ በተፋው አመድና ድንጋይ መሠራቱን ራሳቸው ይድረሱበት። 5,895 ሜትር የሚረዝመው ኪሊማንጃሮም የተሠራው በእንዲህ ዓይነት መደራረብ ነው። ኤቨረስት ግን እሳተ ገሞራ አይደለም፤ ይህን በዚያው ቀን ካልነገራችኋቸው «ይፈነዳል» የሚለው መልስ ተመልሶ ይመጣል።

ለኤቨረስት ፎጣ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ከሁለት ጎን ይገፋ። መግፋት ያለባቸው ግን ልጆቹ ናቸው፤ መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ሲገፋ ያዩት ነገር ማታውኑ ይረሳል። ሳይገፉ በፊት መሐሉ ላይ አንድ ትንሽ ዛጎል አስቀምጡ። ፎጣው ሲታጠፍ ዛጎሉ አብሮ ወደ ላይ ይነሳል (አንዳንዴ ይንከባለላል፤ ድገሙት)። ያኔ ንገሯቸው፦ 8,849 ሜትር ከፍታ ያለው የኤቨረስት ጫፍ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በውስጡም በጥንት ባሕር ይኖሩ የነበሩ እንስሳት ቅሪት ይገኛል። የዓለም ከፍተኛው ቦታ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ ፀጥ የሚልበት ቅጽበት ከማስተማር ሥራዬ ሁሉ በጣም የምወደው ነው።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ የፎጣውን ጫፍ እንደያዘች «ቲቸር፣ ተራራውን የሚገፋው እጅ የማን ነው?» አለችኝ። እኔም «ስታድጊ ትማሪዋለሽ» ብዬ አለፍኩ። ከቤኪንግ ሶዳው የከፋ ስህተቴ ይህ ነው፤ ልጅቷ የትምህርቱን ዋና ጥያቄ ጠይቃ ነበርና። መልሱም ከዘጠኝ ዓመት ልጅ አቅም በላይ አይደለም። የመሬት ቅርፊት እንደተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት የተከፋፈለ ነው፤ ክፍሎቹ ፕሌቶች ይባላሉ። የመሬት ውስጥ ሙቀት ከስራቸው ያለውን አለት በዝግታ ያንቀሳቅሰዋል፤ የቀዘቀዘና የከበደ የባሕር ወለል ወደ ታች ሲሰምጥ ደግሞ የተያያዘውን ፕሌት ይጎትተዋል። ህንድን የተሸከመው ፕሌት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተገናኘ፤ እስካሁንም መግፋቱን አላቆመም።

«ተጋጨ» የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ልጅ ግጭት ሲባል የሚታየው የመኪና ግጭት ነው፣ ጓ ብሎ ያለቀ። የህንድ ፕሌት ወደ እስያ የሚገፋው በዓመት ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ይህም ጥፍራችን ከሚያድግበት ፍጥነት ብዙ አይርቅም። ጥፍራቸውን እንዲያዩ ንገሯቸው። ትክ ብለው ያፈጣሉ፣ ምንም ሲንቀሳቀስ አይታያቸውም፤ ግን ባለፈው ሳምንት መቆረጡን ያስታውሳሉ።

ከቅርፊቱ ስር ፈሳሽ እሳት አለ አትበሉ። ከቅርፊቱ ቀጥሎ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚወርደው፣ ማንትል የሚባለው የመሬት ክፍል በአብዛኛው ጠጣር አለት ነው፤ ጠጣር ሆኖ ነው ቀስ ብሎ የሚፈሰው። ሰም አስይዟቸው፤ በዝግታ ሲጫኑት ይለመጣል፣ ድንገት ሲመታ ይሰበራል።

የተራራ ዓይነቶችን ዝርዝር በመጀመሪያው ቀን አታስጽፉ።

ተራራ ሲያድግ ብቻ አስተምሮ ማቆምም አለ። የስሜን ተራሮች አለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የተደራረበ ላቫ (ከመሬት ውስጥ የወጣ ቅልጥ አለት) ነው፤ ዛሬ የምናየውን ገደልና ሹል ጫፍ ያወጣው ግን በዋናነት ውሃ ነው። የእርጥብ አሸዋ ክምር ላይ ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ሸለቆው ሲቦረቦር በዓይናቸው ያያሉ።

በመጨረሻ፣ ተራራዎቹ አብጠው የሚዳሰሱበት ሉል ካላችሁ እብጠቱ ሆን ተብሎ የተጋነነ መሆኑን ንገሯቸው። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር በሆነ ሉል ላይ የኤቨረስት ትክክለኛ ቁመት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ወረቀት ደርባችሁ ጠርዙን በጣታቸው እንዲዳስሱ አድርጉ።