ጣና ላይ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድን ሰው ጉዞ በብር ስንተምን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ወጪን እንደ ዋጋ መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። ለጀልባ፣ ለነዳጅና ለምሳ የተከፈለው ለባለጀልባውና ለምግብ ቤቱ ገቢ ነው፤ ለአጥማጁ ግን ወጪ ነው። የሚፈለገው ከወጪው በላይ የሚተርፈው ነው። ሰውየው 900 ብር አውጥቶ እስከ 1,400 ቢጠየቅም አልቀርም የሚል ከሆነ ትርፉ 500 ብር ነው። ነዳጅ ሲወደድ ወጪው ያድጋል፣ ትርፉ ይቀንሳል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ኑሮ በተወደደ ቁጥር ሐይቁ የከበረ ይመስለዋል።

ትርፉን ለማውጣት የተለመደው የጉዞ ወጪ ዘዴ ነው፤ ሃሳቡን አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆቴሊንግ እ.ኤ.አ. በ1947 ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በጻፈው ደብዳቤ ነበር ያቀረበው። ከሩቅ የሚመጣ ብዙ ስለሚያወጣ ጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚህ ግንኙነት ፍላጎቱ ይነበባል። እንደ ጉዞ ብዛት ያሉ ቆጠራዎችን በሚተነትነው የፖይሰን ሞዴል የወጪው ኮኤፊሸንት (ወጪ ሲጨምር ጉዞ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳየው ቁጥር) −0.002 ቢወጣ፣ 1 ለ0.002 ሲካፈል የአንድ ጉዞ ትርፍ 500 ብር ይሆናል።

የቡድንን ወጪ በአንድ ሰው መመዝገብ። አራት ጓደኛሞች ከጎንደር በአንድ መኪና መጥተው 6,000 ብር አወጡ እንበል። መጠይቁ «ስንት አወጡ?» ብቻ ካለ አራቱም 6,000 ይላሉ፤ የየራሳቸው ግን 1,500 ነው። ሁሉም መልስ እንዲህ አራት እጥፍ ከተመዘገበ ኮኤፊሸንቱ በአራት ይካፈላል፣ ትርፉም አራት እጥፍ ያብጣል። «ከእርስዎ ኪስ የወጣው ስንት ነው? ስንት ሆነው መጡ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወደብ ላይ ያገኙትን ብቻ መጠየቅ። በዓመት 20 ጊዜ የሚመጣ ሰው አንዴ ከሚመጣው ይልቅ መረጃ ሰብሳቢው ፊት የመገኘት ዕድሉ 20 እጥፍ ነው። ጭራሽ ያልመጣው ደግሞ አይታይም። በፖይሰን ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ሰው የጉዞ ቁጥር 1 ይቀነሳል። የጉዞው ቁጥር ከሰው ሰው በጣም ተለያይቶ ሰፊ ልዩነትን የሚቀበለው ሌላው የቆጠራ ሞዴል፣ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል፣ ከተመረጠ ግን 1 መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ የራሱ ማስተካከያ አለው።

ገዳማቱን ከመንጠቆው ጋር መደባለቅ። ከአዲስ አበባ የዘጌን ገዳማትና ጢስ ዓባይን ለማየት መጥቶ አንድ ከሰዓት መንጠቆ የጣለን እንግዳ ሙሉ ወጪ ለዓሣ ማስቆጠር ስህተት ነው። «ዓሣ ማጥመዱ ባይኖር ይመጡ ነበር?» ይጠየቅ። «አዎ» ያለው ለብቻው ይቀመጥ።

ጊዜን መርሳት። በመንገድ ለሚጠፋ ሰዓት የተለመደው ግምት የሰዓት ደመወዝ ሲሶ ነው። ወር 9,000 ብር የሚከፈለው ሰው፣ ለ173 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 52 ብር ገደማ፣ ሲሶው 17 ነው፤ የ4 ሰዓት መንገድ 70 ብር ግድም ይጨምራል። ሲሶ ስምምነት እንጂ ሕግ አይደለም፤ በዜሮና በግማሽም አስልቶ ልዩነቱን ማሳየት ይገባል።

ሌላ አማራጭ ቦታን መተው። የባሕር ዳር ሰው ጣና ቢቀርበት መራዊ አጠገብ ወዳለው የቆጋ ግድብ ሊሄድ ይችላል። የዚያ ወጪ ሞዴሉ ውስጥ ካልገባ የጣና ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይጋነናል።

የተያዘውን ቆሮሶና አምባዛ በገበያ ዋጋ ተምኖ ትርፉ ላይ መደመር፣ ትርፉ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ ሁለቴ መቁጠር ነው። ያጠመደውን የሚሸጥ ደግሞ አዝናኝ አጥማጅ አይደለም፤ በጾም ወቅት ዓሣ ተፈላጊ ስለሚሆን ይህ ጥያቄ ከመጠይቁ መቅረት የለበትም።

በመጨረሻ የእሑድን ቆጠራ በ365 ማባዛት። የሥራ ቀን፣ እሑድና በዓል ለየብቻ ይቆጠሩ፤ ክረምትና በጋም እንዲሁ።