አጠገብዎ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር የቤትን መስመጥ በሚሊሜትር መከታተል

ካዛንቺስ ይሁን ሰንጋ ተራ፣ ለምድር ቤት የሚቆፈር ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ግድግዳ ጥቂት ሜትር ርቆ ነው የሚጀምረው። አፈሩ ሲወጣ የጉድጓዱ ጎን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከኋላው ያለው መሬት ደግሞ ይሰምጣል። መስመጡን መለካት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የተለካው ቁጥር እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በሌቭል፣ ማለትም የነጥቦችን ከፍታ ልዩነት በሚለካው መሣሪያ፣ የሚወሰደው ንባብ መጀመር ያለበት ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ነው። በተለያየ ቀን ቢያንስ 3 ጊዜ አንብበው አማካዩን መነሻ ያድርጉ። የነበሩትን ስንጥቆችም ቀን ከሚያሳይ ፎቶ ጋር ይመዝግቡ፤ አለበለዚያ ስንጥቁ የአምና ይሁን የዘንድሮ የሚለይ አይኖርም።

ቤት ሰመጠ የሚባለው ካልተንቀሳቀሰ ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። ብዙ ክትትል የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ቤንች ማርኩ (ማነጻጸሪያ የሚሆነው ቋሚ ነጥብ) ራሱ ይሰምጥና ቤቱ ደህና ይመስላል። ከጉድጓዱ ጥልቀት ቢያንስ 3 እጥፍ ርቀው 3 ቤንች ማርክ ይያዙ፤ ጉድጓዱ 12 ሜትር ከሆነ ከ36 ሜትር ወዲያ ማለት ነው። ሦስት መሆናቸው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሁለቱ እንዲያጋልጡት ነው። የአጥር ግንብ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝና የመብራት ምሰሶ አይሆኑም። መሠረቱ አለት ላይ ያረፈ፣ ከተሠራ ዓመታት ያለፉት ሕንፃ ኮለን ይሻላል። ወደ ቦሌ ዝቅ ሲባል የሚበዛው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ የተተከለ ምልክትም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ቤቱ ላይ ነጥቦቹን በየማዕዘኑና በየኮለኑ፣ ግድግዳው ረጅም ከሆነ በየ6 እስከ 10 ሜትሩ ያድርጉ። ከመሬት 30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ 8 ሳንቲሜትር ያህል ይብሱ፣ አቧራውን ነፍተው ያውጡ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የማይዝግ ብሎን በኢፖክሲ (በጠንካራ ማጣበቂያ) ያስገቡ። ልስን ላይ የተተከለ ብሎን የሚነግርዎት ስለ ልስኑ ብቻ ነው፤ ወደ ኮንክሪቱ ይዝለቁ። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ትተው የድንጋይ መሠረቱን ይያዙ።

በተራ ሌቭል የሚነበበው ሚሊሜትር በዓይን ግምት ነው፤ በእሱ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ለውጥ ላይ ተመሥርተው አይወስኑ። ዲጂታል ሌቭል ከኢንቫር ስታፍ ጋር ቢገኝ ይመረጣል፤ ስታፍ ነጥቡ ላይ የሚቆመው መለኪያ ዘንግ ነው፣ ኢንቫር ደግሞ በሙቀት እምብዛም የማይረዝም ብረት። ከመሣሪያው ወደ ስታፉ ያለው ርቀት ከ30 ሜትር አይብለጥ። የኋላና የፊት ርቀት፣ ማለትም ከመሣሪያው ከፍታው ወደሚታወቀው ነጥብና ወደሚለካው ነጥብ ያለው፣ እኩል ይሁን፣ ልዩነቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ የመሣሪያው የማየት መስመር ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ስህተቱ የሚጣፋው በዚህ ነው። ከስታፉ የታችኛውን ግማሽ ሜትር አያንብቡ፤ አስፋልቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል። ጠዋት ማለዳ መሥራት ሙቀቱንም የመኪናውንም ንዝረት ይቀንሳል። ዙሩ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ እየለኩ የሚሄዱበት መስመር፣ በጀመሩበት ቤንች ማርክ ይዘጋ፤ በአጭር ዙር ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ስህተቱን አከፋፍሎ ከማለፍ ያን ዕለት ደግሞ መለካት ይሻላል። ሁልጊዜ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ስታፍና በዚያው መቆሚያ ይሥሩ።

ቁፋሮው እየወረደ ሳለ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረት በታች ሲያልፍ ወይም ከባድ ዝናብ ሲጥል በየቀኑ ያንብቡ። ከጉድጓዱ ውሃ በፓምፕ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ይወርዳል፣ መስመጡም ከጠበቁት በላይ ርቆ ሊሄድ ይችላል። ወንፊት ያለው 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ በጉድጓዱና በቤቱ መካከል አስቀብረው የውሃውን ከፍታ አብረው ይመዝግቡ። ይህ ርካሽ ነገር ነው፣ ግን ሁሌም የሚረሳ።

ቁጥሩ ሲመጣ ጠቅላላውን መስመጥ ብቻ አይዩ። ቤቱ በሙሉ እኩል 20 ሚሊሜትር ቢወርድ በር እንኳ ላይጣበቅ ይችላል፤ የሚሰነጥቀው ልዩነቱ ነው። 6 ሜትር በተራራቁ ሁለት ኮለኖች አንዱ 4፣ ሌላው 16 ሚሊሜትር ከወረደ ልዩነቱ 12 ነው፤ 12 ለ6,000 ሲካፈል 1/500 ይሆናል። ስንጥቅ እንዳይመጣ የሚፈለግበት ሕንፃ ወሰኑ ይህ ነው። 1/300 ሲደርስ የብሎኬት ግድግዳ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ በ1/150 አካባቢ ጉዳቱ ወደ ኮለንና ቢም ይዘልቃል። ቁፋሮ የሚቆምበትን ቁጥር ከመሐንዲሱና ከተቋራጩ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ የሚደረግ ድርድር አያልቅም።

ለስንጥቅ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ትናንሽ ሚስማሮች በኢፖክሲ አጣብቀው በካሊፐር ይለኩ። ከ5 ሚሊሜትር በታች ያለው በአብዛኛው በልስንና በቀለም የሚታረም ነው፤ ከ15 ካለፈ ግድግዳው ከፊሉ ፈርሶ መሠራቱ አይቀርም።

የሳተላይት ራዳርስ? የአውሮፓው ራዳር ሳተላይት የሴንቲኔል 1 ምስል በነጻ ይገኛል፣ የአንድ ሰፈርን ዝግ ያለ መስመጥም ያሳያል። ነገር ግን አንዱ ሳተላይት ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፤ በሁለት ምስሎች መካከል መሬቱ ከ1.4 ሳንቲሜትር ገደማ በላይ ከተንቀሳቀሰም ንባቡ ሊምታታ ይችላል። ከመሬት በታች ከሰል በሚወጣባቸው አገሮች መሬቱ በሜትር ሊሰምጥ ስለሚችል፣ ራዳር ቢኖርም ከላይ መስመር ዘርግቶ በሌቭል መለካት አልቀረም። ለአንድ ቤትም መፍትሔው ያው ሌቭሉ ነው።

ምድር ቤቱ ተገንብቶ ዙሪያው ሙሌት ካገኘ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በ3 ወር ውስጥ ለውጡ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነና አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ ንባቡን ማቆም ይቻላል። ብሎኖቹን ግን አይንቀሏቸው፤ ቀጣዩ ጎረቤት መቆፈሩ አይቀርም።