ሥልጣኔ ከየት ይፍለቅ? በፈጠራ ዓለም ካርታ ላይ ጥንታዊ መነሻዎችን የመምረጫ መንገድ

ለልብ ወለድ፣ ለቪዲዮ ጌም ወይም ለተከታታይ ድራማ የሚሆን ዓለም የሚፈጥር ሰው ካርታውን ስሎ እንደ ጨረሰ ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ከተሞችን ለመበተን ነው። አረንጓዴ በቀባው ሜዳ ላይ አንድ ጥንታዊ መንግሥት ያስቀምጣል፤ ትልቁ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ሁለተኛውን፣ ሰፊው ደን ባለበት ደግሞ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ከዚያም ሦስቱም አንዱ ከሌላው ሳይማር በየራሳቸው የበቀሉ ናቸው ብሎ ይጽፋል። እኔም የመጀመሪያ ካርታዬን የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ነገር ግን አንድ ወዳጄ ካርታውን አይቶ፣ «መሬቱ ሁሉ እንዲህ ለም ከሆነ እነዚህ ሰዎች ለምን ብለው ለንጉሥ ይገብራሉ? ለምን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ አይሄዱም?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚህ በታች የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ካርታ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ለመነሻ የሚሆን መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያው ደግሞ የራሳችን ምድር ናት። ከተማና መንግሥት ከጎረቤት ሳይቀዱ ብቅ ያሉባቸው ተብለው በተመራማሪዎች ዘንድ በአብዛኛው የሚቆጠሩት ቦታዎች ስድስት ናቸው፦ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው መስጴጦምያ፣ በግብፅ የዓባይ ሸለቆ፣ በዛሬዎቹ ፓኪስታንና ሕንድ የኢንደስ ሸለቆ፣ በቻይና የቢጫ ወንዝ አካባቢ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለው ቆላና አጎራባቹ፣ እንዲሁም የፔሩ ጠረፍ። እነዚህን በዓለም ካርታ ላይ ነጥብ እያደረጉ ሲያዩአቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከስድስቱ አራቱ ያሉት በረሃ ወይም ከፊል በረሃ በሆነ መሬት ላይ ነው፤ በአራቱም ከሩቅ ተራራ የመጣ ውሃ ደረቁን ምድር ሰንጥቆ ያልፋል። ልምላሜው ቀጭን መቀነት ነው፤ ከመቀነቱ ውጪ ያለው ጠፍ መሬት ነው።

ስለዚህ ወንዝ ከመሳልዎ በፊት ንፋስ ይሳሉ። የፈጠሩት ዓለም እንደ ምድር በራሱ ዛቢያ የሚሽከረከር ከሆነ ከምድር ወገብ በሰሜንም ሆነ በደቡብ በ30 ዲግሪ አካባቢ አየሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ስለሚደርቅ በረሃ ይበዛል። በአህጉር ምዕራባዊ ጠረፍ ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት የሚያልፍ ከሆነ ባሕሩ አጠገብ ሆኖም ዝናብ አይገኝም፤ የፔሩ ጠረፍ ምስክር ነው። ንፋሱ ተራራ ሲገጥመው ደግሞ ዝናቡን በአንደኛው ጎን አራግፎ በሌላው ጎን ደረቅ ሆኖ ይወርዳል። እነዚህን ሦስቱን በእርሳስ ካሰመሩ በኋላ የሚፈልጉት ዝናብ የጠገበ ከፍተኛ ተራራ ከደረቅ ሜዳ ጋር የሚጎራበትበትን ቦታ ነው። ከተራራው ወደ ሜዳው የሚወርደው ወንዝ የመጀመሪያው እጩ ይሆናል።

ይህን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አይከብድም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ደለሉማ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚሁ በዓባይና በተከዜ የሚሄድ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በአንድ አገር፣ ከተማው የበቀለው በሌላ አገር መሆኑን ካርታ የሚሠራ ሰው ሊረሳው አይገባም፤ መነሻውን የሚወስነው ዝናቡ የወረደበት ደጋ ሳይሆን ውሃው የደረሰበት ደረቅ ሜዳ ነው።

ወንዙ ከተመረጠ በኋላ ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ጊዜ እንዲሰጡት የምመክረው ጥያቄ ይመጣል፤ ወንዙ የሚሞላው መቼ ነው? ዓባይ በግብፅ የሚሞላው የእኛ ክረምት ውሃውን ሲያወርድ ነው፤ ሙላቱ በነሐሴና በመስከረም ከፍ ብሎ በጥቅምት ይሸሻል። ገበሬው ውሃው በሸሸበት እርጥብ ደለል ላይ ዘሩን ይበትናል፤ ሙቀቱ ሳይበረታም ያጭዳል። ወንዙ ራሱ አርሶ፣ አጠጥቶና ማዳበሪያ ጨምሮ ይሄዳል ማለት ይቻላል። በመስጴጦምያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚሞሉት በሰሜን ተራሮች ያለው በረዶ በጸደይ ሲቀልጥ ነው፤ ውሃው ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው በሚያዝያ ገደማ፣ ገብሱ ሊታጨድ በደረሰበት ወቅት ነው። በመኸር የዘር ጊዜ ደግሞ ወንዙ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ውሃውን የሚመልስ ክትር፣ የሚያከፋፍል ቦይ፣ ቦዩን ከደለል የሚጠርግ የሰው ጉልበት ያስፈልጋል።

ከዚህ አንድ ልዩነት ስንት ነገር እንደሚወለድ ያስተውሉ። በግብፅ አንድ ወንዝ፣ አንድ የሙላት ወቅት፣ በመጨረሻም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ አንድ መንግሥት። በመስጴጦምያ ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቦይ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር በውሃ ይጣላል፤ ላጋሽና ኡማ የተባሉት ከተሞች በወሰን መሬትና በመስኖ ውሃ ለትውልዶች ተዋግተዋል። ያለ ማፋሰሻ በመስኖ የተጠጣ መሬት ውሎ አድሮ ጨው ያወጣል፤ ጨው ደግሞ ስንዴን ከገብስ ቀድሞ ያጠፋል። ስለዚህ ለፈጠሩት ወንዝ የሙላት ወር ሲመርጡ የሕዝቡን ፖለቲካ አብረው እየመረጡ ነው።

ቀጥሎ የወዳጄን ጥያቄ እንመልስ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ካርኔሮ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መንግሥት የሚወለደው ሰው መሸሻ ባጣበት ቦታ ነው ሲል ተከራክሯል። በአማዞን ደን በጦርነት የተሸነፈ መንደር ዕቃውን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ጫካ መንጥሮ ይሰፍራል። ከተራራ እስከ ባሕር በበረሃ በታጠረ የፔሩ ሸለቆ ውስጥ የተሸነፈ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ወይ ይገብራል ወይ ይራባል። ይህ ሐሳብ ሁሉንም መነሻዎች በእኩል ያስረዳል ብዬ አልወስድም፤ ለካርታ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። በእጩዎ ቦታ ላይ ጣትዎን ያስቀምጡና ከግብር የሚሸሽ አንድ ቤተሰብ በአራቱም አቅጣጫ ስንት ቀን ቢጓዝ የሚታረስ መሬት እንደሚያገኝ ይቁጠሩ። በሁለት ቀን የሚያገኝ ከሆነ በዚያ ቦታ ንጉሥ ለመትከል አይቸኩሉ።

መሬቱ መታጠሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚበቅለው ነገር ጎተራ የሚገባ መሆን አለበት። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ፣ ኩክ በተባለው ረግረጋማ ስፍራ፣ ሰዎች ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ከማንም ሳይማሩ እርሻ ጀምረዋል። ያለሙት ጎደሬ፣ ሙዝና መሰል ተክሎችን ነበር፤ ከዚያ የተነሣ ከተማም ሆነ መንግሥት ግን አልታየም። ጎደሬ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም። እህል ግን በአንድ ወቅት ይደርሳል፣ በአውድማ ይታያል፣ ይሰፈራል፣ ይጫናል፣ ለዓመታትም ይቀመጣል። ግብር ሰብሳቢ የሚወደው ይህንን ነው። ሥራ ሥር ለሕዝብዎ መስጠት ከፈለጉ ማቆያ ዘዴ አብረው ይስጡ፤ የአንዲስ ሰዎች ድንችን በሌሊት ውርጭ አቀዝቅዘው፣ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን አውጥተው፣ በቀን ፀሐይ አድርቀው ለዓመታት የሚቆይ ስንቅ አድርገውታል። የእኛው እንሰትም ሊታሰብበት ይገባል። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ተክሉ ራሱ ጓሮ ውስጥ የቆመ ጎተራ ነው። የሚቆረጥበት አንድ ወቅት ስለሌለው ግን ሹሙ መቼ መጥቶ እንደሚሰፍር ለመወሰን ይቸገራል። እንዲህ ያለ ሰብል ያለው ሕዝብ በታሪክዎ ውስጥ ለግብር ሰብሳቢ የማይመች፣ ረሃብን ግን የሚቋቋም ሕዝብ ሊሆን ይችላል።

በደረቅ ሜዳ ወንዝና በእህል ላይ ከቆመው መንገድ የወጡ ሁለት እውነተኛ ምሳሌዎችንም ማወቅ ካርታው አንድ ዓይነት እንዳይሆን ይረዳል። በፔሩ የሱፔ ሸለቆ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ ትላልቅ የድንጋይ መድረኮች የተሠሩባት ካራል ከባሕሩ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ሕዝቧ የሸክላ ዕቃ እንኳ አልነበረውም። የሸለቆው ገበሬ ጥጥ ያመርታል፤ ጥጡ መረብ ይሆናል፤ የጠረፉ ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ትንንሽ ዓሦችን በገፍ አጥምዶ ወደ ሸለቆው ይልካል። መድረኮቹን ሲገነቡ ድንጋዩን ከሣር በተጎነጎነ ከረጢት ሞልተው ከነከረጢቱ ግንቡ ውስጥ ይከቱት ነበር፤ እነዚያ ከረጢቶች ዛሬም ከፍርስራሹ ይወጣሉ። ሁለተኛው ምሳሌ በሜክሲኮ ቆላ ያለችው ሳን ሎሬንዞ ናት። እዚያ ዝናቡ ብዙ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ሙላት የማይውጠውና ደለል ያረፈበት ከፍ ያለ የወንዝ ዳርቻ ጠባብ ስለነበር እሱን የያዘ ሌላውን ያዘዘ ይመስለኛል። ገዥዎቿ ግዙፍ የድንጋይ ራሶችን ያስቀረጹት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኝ ተራራ በተጎተተ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ያ ድንጋይ ወደ ሌላው መስፈርት ይወስደናል። ለእያንዳንዱ መነሻ የሚጎድለውን አንድ ነገር ይወስኑለት። ደቡብ መስጴጦምያ ገብስና ሸክላ አፈር ሞልቶት ሳለ ጠንካራ እንጨት፣ ድንጋይና ብረታ ብረት አልነበረውም፤ ዝግባውን ከሊባኖስ፣ ሰማያዊውን የከበረ ድንጋይ ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ተራሮች ያስመጣ ነበር። የሚያስመጣ ሰው ይቆጥራል፤ የሚቆጥር ሰው ይመዘግባል። በዚያው በመስጴጦምያ፣ በኡሩክ ከተማ የተገኙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች በአብዛኛው የእህል፣ የከብትና የቀለብ ሒሳብ ናቸው። በቻይና ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ገደማ ጀምሮ የሚገኘው ትልቁ የጽሑፍ ክምችት በከብትና በኤሊ አጥንት ላይ የተጻፈ የንጉሥ ጥንቆላ ነው። በእርስዎ ዓለም የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ምን እንደሆነ የሚወስኑት ይህን እያዩ ይሁን።

አሁን «በየራሳቸው» የሚለውን ቃል እንፈትን። ነፃነት ደረጃ አለው። ግብፅ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ በጉንና ፍየሉን ከምሥራቅ ጎረቤቶቿ አግኝታለች፤ መንግሥቷ ግን የራሷ ነው። በቆሎ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ደቡብ አሜሪካ ደርሷል፤ የአንዲስ ላማ ግን ሜክሲኮ አልደረሰችም፣ የሜክሲኮ አካባቢ ጽሑፍም ፔሩ አልገባም። ስለዚህ በመነሻዎቹ መካከል ያለፈውንና ያላለፈውን ለይተው ይመዝግቡ፤ ላላለፈው ነገር ሁሉ ደግሞ በካርታው ላይ በጣት የሚነካ ምክንያት ይኑረው፤ ባሕር፣ በረሃ ወይም ለሰብሉ የማይስማማ የአየር ንብረት። በጥንቷ ሜክሲኮ መንኮራኩር ያላቸው ትንንሽ የሸክላ እንስሳት ተሠርተዋል፤ ጋሪ ግን አልተሠራም፤ የሚጎትት ከብት አልነበረማ። እንዲህ ያለ ጉድለት ሥልጣኔው ያልተቀዳ ለመሆኑ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይመሰክራል።

ጊዜውን በተመለከተ ጥቂት ቃል ይበቃል። በመስጴጦምያ አካባቢ ከመጀመሪያው እርሻ እስከ መጀመሪያው ከተማ ከ4,000 ዓመት በላይ አልፏል፤ በሜክሲኮ ደግሞ ከበቆሎ መላመድ እስከ ሳን ሎሬንዞ ከ5,000 በላይ። በኡሩክና በሳን ሎሬንዞ መካከልም 2,000 ዓመት ገደማ አለ። መነሻዎችዎን በአንድ ዘመን አያስጀምሯቸው።

ይህን ሁሉ ይዤ ካርታዬን እንደገና ሠራሁት። ጣርማ ብዬ የሰየምኩት ወንዝ ዝናብ ከሚጠግበው የዶልሃ ተራራ ወርዶ ደረቅ ሜዳ ያቋርጣል፤ የሚሞላው በአዝመራ ሰሞን ስለሆነ ሕዝቡ ክትር ሠሪ ነው፤ ገብስ አለው፣ እንጨት የለውም። ሁለተኛውን መነሻ በምዕራብ ጠረፍ በዓሣና በጥጥ ላይ አቆምኩት፤ ከጣርማ የሚለየው ማንም ተሻግሮት የማያውቅ ባሕር ነው፤ ጅማሬውም በ1,500 ዓመት ይዘገያል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ክር በመቋጠር ነው። ሦስተኛውን፣ በሰፊው ደን ውስጥ የነበረውን፣ ሰረዝኩት፤ በምትኩ በዚያ ደን ጎደሬ የሚያለሙ፣ ንጉሥ የሌላቸው ብዙ መንደሮች ይኖራሉ። ከዚያ ጣቴን በጣርማ ላይ አድርጌ ግብር የከበደው አንድ ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሌሊት ቢወጣ የት እንደሚደርስ ተከተልኩ። በምሥራቅ ውሃ የሌለው የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ፣ በምዕራብ ጨው ያወጣ ሜዳ፣ በደቡብ ባሕር ነው። በሰሜን ወደ ዶልሃ የሚያወጣ አንድ ጠባብ በር አለ፤ በዚያ በር ላይ የንጉሡ ዘበኞች ቆመዋል።