ቀኑ ለምን ያጥረናል? ሥራ ሲደራረብብን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ «ጊዜ የለኝም» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። እንደ እኔ ግን አብዛኞቻችንን የሚያስጨንቀን የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ቀኑን ማንም የማይነካው የግላችን ንብረት አድርገን እናቅደዋለን፤ ጭንቀቱም ከዚያ ይጀምራል። ከውጭ የሚቀዱት ምክሮች ደግሞ እድርን አያውቁም፣ የመብራት መቋረጥን አያውቁም፣ የግንቦትንም ሙቀት አያውቁም።

ሁሉንም በጭንቅላት መያዝ

የቤት ኪራይ፣ የልጅ ክትባት፣ የእድር መዋጮ፣ ለአለቃ የሚገባ ሪፖርት፦ ሁሉም ባንድነት ጭንቅላት ውስጥ ሲመላለሱ አንዱም ሳይሠራ ሰው ይደክማል። በ2011 እ.ኤ.አ. ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ያላለቀ ሥራ ሐሳብን እየሰረቀ ሌላውን ሥራ እንደሚያውክ አዩ፤ ሥራው መቼና እንዴት እንደሚከናወን ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን፣ ገና ሳይነካም እንኳ፣ ማወኩን ይተዋል።

ስለዚህ «መታወቂያ ማሳደስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና አሮጌውን መታወቂያ ይዤ ቀበሌ» ቢባል ይሻላል። ለዚህ ልዩ መተግበሪያ አያስፈልግም፤ የሱቅ ደብተር ይበቃል። ዋናው ነገር ደብተሩ አንድ መሆኑ ነው፤ ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በቁራጭ ወረቀት ከተበተነ አለመጻፍ ይሻል ነበር።

ሁሉም ነገር እንደሚሳካ አድርጎ ጊዜ መገመት

ሥራ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ያልቃል ብሎ ስለመገመት ካነማንና ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ይህን ሲያነቡ የሚስቁ ይመስለኛል።

መፍትሔው ምን ያህል እንደሚፈጅ መገመትን ትቶ ባለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደፈጀ መጠየቅ ነው። ባለፈው «ሲስተም የለም» ተብለው ተመልሰው ከሆነ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ከቆዩ፣ ዘንድሮም ያንኑ ጊዜ ይያዙለት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወንዙን መሻገር አቅልሎልናል፤ የቢሮውን ወረፋ ግን አላሳጠረውም።

ከባዱን ሥራ ለከሰዓት ማቆየት

ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ሰዎች በጠዋት መነሣትን ይመርጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ጣና ይናወጣልና። እኛ ግን የጠዋቱን ጸጥታ በቴሌግራም ጨርሰን፣ ሒሳብ መዝጋትንና ሪፖርት መጻፍን ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ እንጀምራለን። በሚያዝያና በግንቦት ከምሳ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ከባድ ሐሳብ ማሰብ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ስልክ መደወል፣ ፋይል ማስተካከልና ዕቃ መግዛት ወደ ከሰዓት ይሂዱ። ኮምፒውተር የሚፈልግ ሥራ ደግሞ መብራት እያለ ይቅደም።

ለቅሶን፣ እድርንና ማኅበርን ከዕቅድ ማስቀረት

ይህን ከሁሉም የከፋ ስህተት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ብዙዎች ማኅበራዊ ኑሮን ሥራ የሚያበላሽ እንግዳ ያደርጉታል፤ ሲመጣ ይናደዳሉ፣ ከሄዱም በኋላ ይጸጸታሉ። ነገር ግን የጥር ሠርግ በጥር እንደሚሆን ይታወቃል። በየወሩ በ12 ወይም በ21 የሚጠጣ ማኅበር ያለበት ሰው ቀኑን የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያውቀዋል፤ ይጻፈው። የለቅሶ ቀን ባይታወቅም ከሳምንቱ አንድ ግማሽ ቀን ሥራ ሳይሰጡት መተው ይቻላል። ለቅሶ ከሌለ የተንጠባጠበው ሥራ ይጠራበታል። የጎረቤትን ሐዘን «የባከነ ጊዜ» የሚል ምክር ለእኛ የተጻፈ አይደለም።

ሁለት ሥራ ባንዴ መያዝ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ከተባለ ቆይቷል፤ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍም ያው ነው።

የሰዓት አቆጣጠርን ማደባለቅ

ትንሽ ይመስላል፣ ግን ያስቀራል። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 09:00 ማለት ጠዋት 3 ሰዓት እንጂ ከሰዓት 9 አይደለም። ቀጠሮ ሲመዘግቡ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አይተዉ፤ የፈረንጅ ቀን ከሆነም አጠገቡ የሐበሻውን ይጻፉ።

በይሉኝታ «እሺ» ማለት

ከአቅም በላይ ሥራ የሚከማቸው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ገብቶ ነው። የአክስት ልጅ ፎርም እንዲሞሉላት ትጠይቃለች፣ የሥራ ባልደረባ ፈረቃ እንዲሸፍኑለት ይለምናል። ፊት ለፊት «አልችልም» ማለት ነውር ስለሚመስለን «እስቲ አየዋለሁ» እንላለን፤ ይህ ደግሞ ከእምቢታ ይብሳል፤ ጠያቂው ይጠብቃል፣ እኛም እንሸሸዋለን። ደብተሩን ገልጦ «ዛሬ አይሆንልኝም እህቴ፣ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ግን አብረን እንሞላዋለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ፎርሙ ረቡዕ የሚገባ ከሆነም ሌላ የሚሞላላት ሰው ለመፈለግ ጊዜ አላት።